ባዶው ዐምድ

የዘር ሐረግ መቍጠር በየዘመኑ ሁለት ዓላማዎችን ሲያገለግል ኖሯል። አንደኛው ርስትንና ማዕረግን ለማጽናት፣ ደምንም ከደም ለማበላለጥ የሚደረገው የመኳንንት ቈጠራ ነው። ሁለተኛው ስማቸው ሳይጻፍ ያለፉትን የሥራ ሰዎች ከመረሳት ለማዳን የሚደረግ ፍለጋ ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው የሚገኘው ስም አይደለም፤ ፈላጊው ስም ባጣበት ሥፍራ ላይ የሚያደርገው ነገር ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የተሰደደች አንዲት ተራ ሴት ለዚህ አሳብ መፈተኛ ትሁን። በላንካሻየር ከሚገኙት የጥጥ ፋብሪካዎች በአንዱ ክር ስትፈትል አድጋ፣ አግብታ፣ ከሊቨርፑል ወደብ ተሳፍራ ኒውዮርክ ወርዳለች እንበል። ማንነቷን ለማወቅ የሚነሡት የልጅ ልጆቿ ወረቀት አያጡም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1837 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት ሲመዘገብ ኖሯልና። የሚያጡት መዝጋቢው ሊጠይቅ ያልፈለገውን ነገር ነው።

የጋብቻው መዝገብ የሙሽሮቹን ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና መኖሪያ ከጻፈ በኋላ የሁለቱን አባቶች ስምና ሥራ ያሰፍራል። ለእናት ግን ዐምድ አልተሠራላትም። ይህ ጉድለት የታረመው በ2021፣ ማለትም ከ184 ዓመት በኋላ ነው። የሙሽራዪቱም የሥራ ዐምድ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይገኛል። ያላገባች ሴት በመዝገቡ የምትጠራበት «ስፒንስተር» የተባለው ቃል ጥንተ ትርጉሙ ፈታይ ማለት ነው። እንግዲህ ዕድሜዋን ስትፈትል የኖረችው ሴት በስም ፈታይ ተብላ፣ በዐምዱ ግን ሥራ የሌላት ሆና ትገኛለች። ቋንቋው የመሰከረላትን መዝገቡ ክዷታል።

ኢትዮጵያዊት ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትጠራለች፤ በእንግሊዝ ልማድ ግን የልደት ስሟ በባሏ ስም ይተካል። ባሕሩን ከተሻገረች በኋላም በ1855 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ዜግነቷን ከባሏ ዜግነት ጋር አሰረው፤ ይኸው ማሰሪያ እስከ 1922 አልተፈታም። የባሏ የዜግነት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ስሟን እንኳ አያነሣም።

ፈላጊው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አንዱ የስም መመሳሰል አግኝቶ ከመስፍን ቤት ያስወልዳታል፤ ሌላው ያልዋለችበትን ዐደባባይ አውሎ ጀግና ያደርጋታል። ለቴአትር ደራሲ እንዲህ ያለው ፈጠራ ነውር አይደለም፤ ተመልካቹም የሚያየው ፈጠራ መሆኑን ያውቃል። በታሪክ ስም ሲቀርብ ግን ዘረፋ ነው። ፊት መዝገቡ ሥራዋን ወሰደባት፤ አሁን ደግሞ የገዛ ትውልዷ ራሷን ወስዶ በምትኳ ሌላ ሴት ያቆማል።

ባዶውን እንዳለ መተው የመዝጋቢውን በደል ማጽደቅ ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ባዶነቱን ደብቆ ማለፍና ባዶ መሆኑን አውጆ መጻፍ የተለያዩ ናቸው። ባዶው ዐምድ ራሱ ምስክር ነው፤ የማን ድካም እንደማይቈጠር የወሰነውን ሥርዓት ያጋልጣል።

ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ። ሴቲቱ ሳታገባ የወለደችው ልጅ ቢኖርና በልደት ወረቀቱ ላይ የአባት ስም ባይገኝስ? ምናልባትም ባሕር የተሻገረችው ይህንኑ ከኋላዋ ለመተው ይሆናል። ሙት አይፈቅድም፤ አይከለክልምም። ምስጢሯን ለወሬና ለመሳለቂያ ማውጣት በደል መሆኑ አያጠራጥርም። ሕፃኑን ሰርዞ የጠራ የዘር ሐረግ መሥራት ግን ከዚያ የባሰ በደል ነው፤ ሕፃኑም ሰው ነበርና። ስሟ በክብር ይጠራ ዘንድ የልጇ ስም መጥፋት የለበትም። ነውሩም ቢሆን ብቻዋን እንድትሸከመው የፈረደባት ኅብረተሰብ እንጂ የእርሷ አይደለም።

እንግዲህ ተወላጅ ለሟች ያለበት ዕዳ ውዳሴ ሳይሆን እውነት ነው። የተገኘው እንደተገኘ ይጻፍ። ያልተገኘውም ባዶ ሆኖ ይቈይ፤ ከአጠገቡ ግን ባዶ ያደረገው ማን እንደሆነ ይጻፍ።