የቤት ድምፅ በአደባባይ

ቴአትር የሚለው ቃል ከግሪኮች የተወረሰ ሲሆን የመነሻ ትርጉሙ መመልከቻ ሥፍራ ማለት ነው። ሥፍራ በመሆኑም ሰው ወደ እርሱ ይሄዳል እንጂ እርሱ ወደ ሰው ቤት አይመጣም ነበር። ዛሬ ግን በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሲቀላ በኩል ካሉት የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ቴአትርን በካርቶን ታሽጎ ያገኘዋል። «ሆም ቴአትር» ይሉታል። ተውኔት በመጻፍ ዕድሜዬን ያጋመስኩ ሰው በመሆኔ ስያሜው በመጀመሪያ አሳቀኝ፤ ቆይቶም ቅር አሰኘኝ፤ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ከተማ ከገጠመኝ ነገር ወዲህ ደግሞ በሌላ ዓይን እመለከተው ጀመር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ገጠመኝ ተንተርሶ አንድ ጥያቄ ማንሳት ነው። ለአንድ ቤት ተብሎ የተሠራ ድምፅ ወደ አደባባይ ሲወጣ፣ የሚያወጣው ሰው ተጠያቂነቱ ለማን ነው?

አስቀድሞ ዕቃውን እንመልከት። በካርቶኑ ውስጥ አምስት ትናንሽ ድምፅ ማጉያዎችና አንድ ሰብ ውፈር ይገኛሉ። አንዱ ማጉያ መሐል ላይ ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጥና የተዋንያኑን ንግግር ያወጣል፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ ሆነው ሙዚቃውን ይይዛሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ከተመልካቹ ኋላ ተሰቅለው ዝናቡን፣ ነፋሱን፣ የሩቁን ኮቴ ያሰማሉ። ሰብ ውፈሩ ወፍራሙን ድምፅ፣ ጆሮ ከሚሰማው ይልቅ ደረት የሚሰማውን ይሸከማል። ይህ አደረጃጀት በዲጂታል መልኩ በሲኒማ ቤቶች መስፋፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ ሲሆን፣ ወደ መኖሪያ ቤት የገባውም ከዚያ በኋላ ነው። ልኬቱ ሁሉ የተሠላው በአንድ ክፍል መሐል፣ በአንድ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። ያ ሰው ባለቤት ነው፤ ሲሰለቸው ያጠፋዋል።

በአገራችን ግን ዕቃው ከሳሎን ወጥቶ የማይገባበት የለም። ጠዋት ጭማቂ ቤት ደጃፍ ላይ ደንበኛ ይጠራል፤ ከሰዓት በኋላ የእግር ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ ይጮኻል፤ ቅዳሜ የሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ እሑድ የጸሎት ሥፍራ ውስጥ ይገኛል። ትልቁን ሞንታርቦ መከራየት የማይችል ሁሉ ሆም ቴአትሩን ይገነጣጥልና፣ ሽቦ ቀጥሎ፣ ማይክራፎን ሰክቶ ለጉዳዩ ያውለዋል። ይህን ብልኃት የሚንቅ ሰው ድህነትን አያውቅም ማለት እችላለሁ። እኔም የተጠቀምኩት በዚሁ ብልኃት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ተውኔታችንን በአርባ ምንጭ ለማሳየት የተፈቀደልን አዳራሽ ግድግዳው ልሙጥ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ርዝመቱ ሃያ ሜትር ያህል ነበር፤ የድምፅ መሣሪያ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሲቀላ ውስጥ ቴሌቪዥንና ቴፕ የሚጠግን አንድ ወጣት ነገሩን ሰማና የራሱን ሆም ቴአትር ተሸክሞ መጣ። ማይክራፎን የሚያመነጨው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለሆነ በቀጥታ ቢሰካ እንደማይሰማ አስረድቶን፣ በአነስተኛ ሚክሰር አሳልፎ በቀይና በነጩ ጃክ በኩል አስገባው። ሁለቱን የኋላ ማጉያዎች ረዥም ሽቦ ቀጥሎላቸው በአዳራሹ ወገብ ላይ ሰቀላቸው። ተጨማሪ ማጉያዎች በአንድ መስመር ላይ እንዲደርብ ስንወተውተው ግን እምቢ አለ፤ ሁለት ማጉያ ጎን ለጎን ከታሰረ አምፕሊፋየሩ የሚገጥመው ተከላካይነት በግማሽ ይቀንሳል፣ ኃይሉ ይበዛበታል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ማይክራፎኖቹንም ከማጉያዎቹ በስተኋላ አደረጋቸው፤ ማይክራፎን ከማጉያው ፊት ከቆመ የራሱን ድምፅ መልሶ እየዋጠና እየተፋ ያፏጫልና።

በመጀመሪያው ልምምድ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሳዳምጥ ሙዚቃው ይሰማኛል፣ የወንበር መንኳኳት ይሰማኛል፣ ንግግሩ ግን የለም። ከፊት ያሉት ሁሉን ይሰማሉ። ምክንያቱን ወጣቱ ወዲያው አገኘው። መሣሪያው ፊልም በሚያሳይበት አሠራር ላይ ነበር፤ በዚያ አሠራር በግራና በቀኝ መስመር እኩል የሚመጣ ድምፅ፣ ማለትም ንግግሩ፣ ወደ መሐሉ ማጉያ ይላካል፤ ወደ ኋላ የሚሄደው ሁለቱ መስመሮች የማይጋሩት ትርፍራፊ ነው። በሳሎን ውስጥ ይህ ማለፊያ ጥበብ ነው፤ በአዳራሽ ውስጥ ግን ርካሽ ቲኬት የገዛው ሰው ከቃሉ ተነጥሎ ጫጫታውን እንዲሰማ ይፈረድበታል ማለት ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ቅንጅቱም እንደ ፋብሪካው ሐሳብ ልክ ነበር። የተበላሸው፣ ለአንድ ሶፋ የታሰበውን ሥርዓት ሳንመረምር ለብዙ ሰው ማዋላችን ነው። ወጣቱ አሠራሩን ወደ ተራው ስቴሪዮ መለሰው። የኋላዎቹ ማጉያዎች ከመድረኩ ድምፅ ቀድመው እየደረሱ ተመልካቹ አንገቱን ወደ ጎን እንዳይጠመዝዝም ኃይላቸውን ዝቅ አደረገው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የከበደ ነበር። በተውኔቱ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ዘፈን አለ። የዶርዜን የብዙ ድምፅ ዜማ ሰምቶ የሚያውቅ አንባቢ የምለውን ይረዳል፤ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀርፆ በሸክላ እንዲወጣ ያደረገው ይህንኑ ዜማ ነው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ከላይ ይቀበላል፣ ሌሎች በመካከል ድምፃቸውን እየቆራረጡ ይጥላሉ፤ ማንም የማንን ድምፅ አይሸፍንም፤ ማንም ብቻውን ዘፈኑን አይይዘውም። ለዚህ ክፍል የጋበዝናቸው ስድስት ሸማኔዎች ነበሩ። ለኔ ብጤ የከተማ ሰው ማክበር ማለት ማይክራፎን መስጠት ነውና ለመሪያቸው ማይክራፎን ሰጠሁት። ዘፈኑ በዚያው ቅጽበት ፈረሰ። የአንዱ ድምፅ ገንፍሎ ወጣ፤ አምስቱ የእርሱ አጃቢዎች ሆኑ፤ የራሳቸውን ድምፅ መስማት ስላልቻሉም መግቢያቸውን ሳቱ። ሰውየው ማይክራፎኑን በሁለት እጁ ይዞ መለሰልኝና፣ «ይኼ ነገር እኔን ብቻ ነው የሚያውቀው» አለኝ። ያለ ማይክራፎን፣ በመድረኩ ጫፍ ክብ ሠርተው ዘፈኑ፤ ቆርቆሮው ጣሪያ እንኳ ለእነርሱ የተሠራ መሰለ።

ከዚህ ላይ ድምፅ ማጉያን በጅምላ የምኮንን እንዳይመስል አንድ ነገር ልናገር። በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ በተመሠረተው በሀገር ፍቅር ማኅበር መድረክ ላይ ይቆም የነበረ ተናጋሪ ሳንባው ጠንካራ መሆን ነበረበት። ድምፀ ቀጭኑ፣ አረጋዊው፣ የታመመው፣ ሹክሹክታ የሚያስፈልገው ገጸ ባሕርይ በእንዲህ ያለ መድረክ ቦታ አልነበራቸውም። ማይክራፎን ለደካማ ሳንባ ፍትሕ አምጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1919 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን በሳንዲያጎ ከተማ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ በኤሌክትሪክ ድምፅ ማጉያ ሲናገሩ፣ ያለዚያ መሣሪያ ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሊያዳርሱ አይችሉም ነበር። የሚገርመው ግን በዚያ ቀን የተናገሩት በመስታወት በተከለለ ክፍል ውስጥ ቆመው ነው። ሕዝቡ እርሳቸውን ይሰማል፤ እርሳቸውና ሕዝቡ መካከል ግን መስታወት አለ። በልጅነቴ ከቀበሌው ጣሪያ ላይ ለስብሰባ ይጠራን የነበረውን ማጉያ ባስታወስኩ ቁጥር ያ መስታወት ይታየኛል። ድምፁ አልጋችን ድረስ ይገባ ነበር፤ የእኛ ግን ወደ እርሱ የሚሄድበት ሽቦ አልነበረም።

የጋሞ ሕዝብ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ትልቅ ልምድ አለው። ዱቡሻ የተባለው የአደባባይ ሸንጎ ሰው በተራ ቆሞ የሚናገርበት፣ ሌላው የሚያዳምጥበት፣ ከዚያም የሚመልስበት ሥፍራ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ግድያ የጋሞ ተወላጆች ሕይወታቸውን ባጡ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች በበቀል ስሜት አደባባይ ወጥተው ነበር። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ምስሉን አገር አይቶታል። በዚያ ዕለት የወጣቱን ጩኸት ያሸነፈው ከጩኸቱ የበለጠ ጩኸት አልነበረም። እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት ረግጦ ማለፍ ነውር መሆኑን ወጣቱ ያውቅ ነበር፤ የመስማት ፈቃዱም ከዚያ የመጣ ነው። የትኛውም ማጉያ ይህን ፈቃድ ሊያመነጭ አይችልም፤ ያለውን ግን ሊያሟጥጠው ይችላል።

ወደ ገጠመኜ ልመለስና የማፍርበትን ክፍል ልጨርስ። ተውኔቱ በሚታይበት ቀን ረፋዱ ላይ፣ ከአዳራሹ አጥር ጀርባ ድንኳን ሲተከል አየን። ጎረቤት ሞቷል። ቲኬት ተሸጧል፤ ሰው ከጨንቻ ድረስ ወርዷል፤ እኛም በማግስቱ መመለሻችን ነው። ወጣቱ ምንም ሳይናገር ወደ ሰብ ውፈሩ ሄደና ሽቦውን ነቀለ። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ነጎድጓድ አለ፤ ያለ ሰብ ውፈር ያ ነጎድጓድ የጣሳ ድምፅ ይሆናል። እንዲመልሰው ነገርኩት። ትርኢቱ የሕዝብ መሆኑን፣ ኪነት ለኀዘንተኛም መጽናኛ መሆኗን፣ ሌላም ብዙ መልካም ነገር ተናገርኩ። ድምፄም ከፍ ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «ቀጭኑን ድምፅ ግድግዳው ያስቀረዋል። ወፍራሙን አያስቀረውም። እነሱ ጋ የሚደርሰው ቃልዎ አይደለም፤ ድብደባው ብቻ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። የድምፅ ባሕርይ እንደዚሁ ነውና፤ የወፍራሙ ድምፅ ሞገድ ረዥም ስለሆነ ግድግዳን ዘልቆ ያልፋል፤ ቃልን ቃል የሚያሰኙት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ግን በየግድግዳው እየተመቱ ይቀራሉ። በየመንደራችን ሌሊት ከጭፈራ ቤት የሚደርሰን የዘፈኑ ግጥም ሳይሆን ድምድምታው የሆነው ስለዚህ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅም የመጠን ገደብ እንዲወጣለት ይደነግጋል፤ ገደብ መኖሩም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ከሕግ ገደብ በታች ሆነን ነውረኛ ልንሆን እንችል ነበር። እኔ ለአዳራሹ ተመልካች ስጨነቅ ነበር፤ ተመልካቹ ግን ፈቅዶ መጥቷል፣ ካልወደደም ተነሥቶ ይወጣል። የድንኳኑ ሰው ግን የትም አይሄድም። የድምፅ ሙያተኛ፣ ባለ ሠርግ፣ ሰባኪ፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ ማንም ይሁን ማን፣ ማጉያውን ሲያስተካክል በመጀመሪያ ሊያስበው የሚገባው ይህን መሄጃ የሌለውን ጆሮ ይመስለኛል። እኛ ግን ዘወትር የምናስበው በክፍሉ መሐል፣ በሶፋው ላይ ስለተቀመጠው ነው።

ከተዋንያኑ መካከል በዕድሜ የሚበልጡት ሁለቱ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደው ፈቃድ ጠየቁ። ምላሹ እኛ ካሰብነው በላይ ቸር ነበር፤ ሰው ከሩቅ ስለመጣ እንድንቀጥል፣ ዘፈኑ ላይ ብቻ እንድንጠነቀቅ አሳሰቡን። ሸማኔዎቹም ይህን ሲሰሙ ዘፈኑን ራሳቸው ተዉት፤ በቦታውም ዝም ብለው ክብ ሠርተው ቆሙ። ነጎድጓዱም ሳይሰማ ቀረ። ተዋናዩ ሰማዩን ቀና ብሎ አየና አንገቱን አቀረቀረ። ተውኔቱ ከዚህ የተሻለ ሆኖ የታየበት ምሽት አለ፤ ይህን ለመደበቅ አልፈልግም። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዳንዶች በሁለተኛው ክፍል አዛጉ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ወጣቱ ሽቦዎቹን እየጠቀለለ ሳለ ከድንኳኑ በኩል አንድ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ መጣ። ነገ ከሩቅ ቀበሌዎች ለቀስተኛ ስለሚመጣ፣ የሟችን የሕይወት ታሪክ የሚያነቡት ሰውዬም ድምፃቸው ስለደከመ፣ ዕቃውን ልታውሰን ትችላለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ወጣቱ የጀመረውን ሽቦ ጠቅልሎ ሳይጨርስ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ይቻላል፤» አለ። «ሰዉ የሚቀመጠው ወዴት ዞሮ ነው? ከድንኳኑ ጀርባስ የማን ቤት አለ?»