እውነት እየተናገሩ መዋሸት ይቻላልን?



አያቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚሉትን ብር በላስታ የማያውቀው የለም። በሣጥን ተቀምጦ፣ በአንገት ተንጠልጥሎ፣ በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ መስቀል ሆኖ እናየዋለን። ወደ ላሊበላ ከሚመጡት እንግዶችም ጥንታዊ ገንዘብ የሚሰበስቡ አሉ። እንግዳው «ይህ የስንት ዓመት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሻጩ ወጣት በብሩ ላይ ያለውን ቁጥር ያሳየዋል፤ 1780 ይላል። ወጣቱ ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን እውነት ተናግሯልን?

ነገሩን እንመርምር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ነጋዴው መልኳን ስለ ለመደ፣ ከሞተችም በኋላ ብሩ ያው ዓመት እየተጻፈበት ሲቀረጽ ኖረ። ኢጣልያ ኤርትራን በቅኝ ግዛት ይዛ የንጉሥዋን የኡምቤርቶን መልክ ያለበት ብር ብታወጣ፣ ሕዝቡ እንደ ማርትሬዛ አላመነውም። ስለዚህ በ1935 አገራችንን በወረረችበት ዓመት የማርትሬዛን መቅረጫ ከቪየና ወስዳ በሮማ አስቀረጸች። በዚያም ላይ የተጻፈው 1780 ነው። እንግዲህ «የጥንት ነው» የሚባለው ብር ወራሪው ይዞት የመጣ ሊሆን ይችላል።

«እንግዳው ሀብታም ነው፤ ምን ይጎዳዋል?» የሚል ይኖራል። ነገሩን ገልብጠን እንየው። አንድ ነጋዴ ወደ አያታችን መጥቶ «እማማ፣ ይህ እኮ ዛሬ በገበያ አይሠራም» ብሎ በጥቂት ሳንቲም ቢወስድባቸው እንቆጣለን። ነጋዴው ግን እውነቱን ነው፤ መንግሥት በ1945 አዲስ ገንዘብ ካወጣ ወዲህ ማርትሬዛ መገበያያ መሆኑ ቀርቷል። የደበቀው 28 ግራም የሚመዝን መሆኑንና ከዚያም ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር እንዳለበት ነው። በአያታችን ላይ ሲሆን ማታለል ያልነውን በእንግዳ ላይ ሲሆን ብልሃት ልንለው አንችልም።

ሐናንያም ከሐዋርያት እግር ሥር ያኖረው ገንዘብ እውነተኛ ገንዘብ ነበረ። የተወቀሰው ከፊሉን አስቀርቶ ሁሉን የሰጠ በመምሰሉ ነው። ሰው የሚጠየቀው ከአፉ በወጣው ቃል ብቻ ሳይሆን፣ በሰሚው ልብ ሊተክል ባሰበው ነገር ጭምር ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ስትጠየቁ «የተጻፈው 1780 ነው፤ የተቀረጸበትን ዘመን ግን አላውቅም» በሉ። ዋጋው ይቀንስ ይሆናል፤ ሚዛናችን ግን አይጎድልም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።