ወለድ ሲወርድ ለማን ይወርዳል?



ገበያ ሲቀዘቅዝና ሥራ ሲጠፋ መንግሥታት ከሚወስዷቸው እርምጃዎች አንዱ የወለድን ተመን መቀነስ ነው። ብድር ሲረክስ ነጋዴው ይበደራል፤ ተበድሮ ዕቃ ያስገባል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ገበያው ይነቃቃል ይባላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲያስጨንቅ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ተመኑን ወደ ዜሮ ያስጠጋው በዚህ ስሌት ነበር። በአገራችንም በ1994 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ6 በመቶ ወደ 3 በመቶ አውርዶት እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

ይህን ዓይነት ወሬ ስንሰማ «ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ማለት ይቀናናል። ወለድ ሐራም ነው፤ አንበላም፣ አናበላም፤ ቢወጣም ቢወርድም ለእኛ ያው ነው እንላለን። አነጋገሩ ከቀና ልብ የወጣ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ወደ ደባርቅና ዳባት ወጣ ብለን ነገሩን እንመልከት።

ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር ወረዱ። ሀብቱ ገብስና በግ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ የጥሬ ገንዘብ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ካለው አባወራ አንዱ 100 ሺህ ብር ባንክ አስቀመጠ፣ አላህንም ፈርቶ ወለዱን አልነካም እንበል። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በዚያ ዓመት ወለድ የበላው ሰው ገንዘብ 107 ሺህ ሲሆን የኛ ሰው 100 ሺው እንዳለ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ በ100 ሺህ ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130 ሺህ ገብቷል። ወለድ የበላውም ከሠረ፤ የኛ ሰው የባሰ ከሠረ። ለእርሱ ተመኑ ከመጀመሪያው ዜሮ ነበር።

በዚህም አያበቃም። ርካሽ ብድር ያገኘ ሰው ከሌላው ቀድሞ ገበያ ይወጣል፤ ቦታ ይገዛል፣ ቤት ይገዛል፣ እህል ያከማቻል። ዋጋው ከወጣ በኋላ ነው ያ አባወራ ገበያ የሚደርሰው። ስለዚህ ወለድን ያልነካ ሰው ከወለድ ጉዳት አመለጠ ማለት አይቻልም። ከኃጢአቱ አምልጧል፤ ያም ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ተበዳሪውን እንይ። ደባርቅ ከእንግዳ የምትኖር ከተማ ናት። በቅሎ አከራዩ፣ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ጠመንጃ ይዞ እንግዳ የሚያጅበው ስካውት፣ ሁሉም ጭላዳ ዝንጀሮና ዋልያ ሊያይ የሚመጣውን መንገደኛ ይጠብቃል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ እንግዳው ቀረ። ሳያገግሙ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣና በዓመቱ ማብቂያ ዳባት ወረዳ ድረስ ደረሰ። በቅሎውን በዱቤ የገዛ ሰው ዕዳው ባለበት ቆሟል፤ በቅሎው ግን ቆሞም ይበላል።

በዚያው መጋቢት ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ፤ ባንኮቹ ለተጎዱ ደንበኞቻቸው የዕዳ እፎይታና ተጨማሪ ብድር እንዲሰጡበት። መልካም እርምጃ ነበር፤ አላህ ይመስገን፣ በእርሱ የተረፈ ነጋዴ አይጠፋም። ነገር ግን የባንክ እፎይታ የሚደርሰው የባንክ ተበዳሪ ለሆነው ነው። የቤት ካርታ ይዞ፣ የሒሳብ መዝገብ ይዞ ባንክ ያልገባው በቅሎ አከራይ የተበደረው ከጎረቤቱ፣ ከሱቁ፣ ሲብስም ከአራጣ አበዳሪ ነው። የአራጣን ተመን የሚያወርድ ገዥ የለም። በክፉ ቀን ጠያቂው ስለሚበዛ እንዲያውም ይወጣል።

በገጠር ደግሞ ወለድ አገድ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ገበሬው ብር ይወስዳል፣ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስ መሬቱን ያርሳል። ስሙ «ወለዱ ታገደ» ይላል። ከሙስሊሞች መካከልም ይህን ከሪባ የጸዳ አድርጎ የሚያስብ አለ። ነገር ግን አበዳሪው በየዓመቱ የሚያጭደው ገብስ ምንድን ነው? ብድር ለአበዳሪው ጥቅም ከጎተተ ሪባ እንደሆነ ዑለሞች በግልጽ አስተምረዋል። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ ብሩን መመለስ ስለማይችል መሬቱ አበዳሪው እጅ ይከርማል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ ሪባን ከከለከለ በኋላ ወዲያው ስለተቸገረ ባለዕዳ ይናገራል፤ እስኪያገኝ ይጠበቅ፣ ዕዳውን ሰደቃ አድርጎ መተው ደግሞ ለአበዳሪው የተሻለ ነው ይላል። ልብ በሉ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የዘመኑ መላ አዲስ ዕዳን ማርከስ ነው። የቁርኣኑ መላ አሮጌውን ዕዳ ማቆየት ነው። በወለድ ሥርዓት ጊዜ ራሱ ዋጋ አለውና የተራዘመ ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ እየወፈረ ይሄዳል፤ በእስልምና ግን ማራዘሙ የአበዳሪው ስጦታ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የነገሩንን ነጋዴ አስታውሱ፤ በዱቤ ይሸጥ የነበረ፣ የተቸገረውን እለፉት እያለ ሎሌዎቹን የሚያዝ፤ አላህም እርሱን ያለፈው።

እዚህ ላይ ባለሱቁ ቢቆጣ አልፈርድበትም። «እኔስ ልጆች የሉኝም? ሦስት ዓመት ብጠብቅ የሚመለስልኝ ብር ግማሽ ኩንታል አይገዛም» ይላል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፣ አዲስም አይደለም። የኢማም አቡ ሐኒፋ ተማሪ አቡ ዩሱፍ የመዳብ ሳንቲም ዋጋው ሲለወጥ ዋጋው ይታሰብ ብለው ነበር። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ተሰብስቦ፣ ዕዳ በተበደሩት ገንዘብ ልክ እንጂ ከዋጋ ንረት ጋር ታስሮ አይመለስም ሲል ወስኗል። ስለዚህ በብር ያበደረ ሰው ጉዳቱን ይሸከማል። አንድ ኩንታል ገብስ አበድሮ አንድ ኩንታል ያንኑ ገብስ መቀበል ግን ሪባ የለበትም፤ የብሩ መውደቅም አይነካውም። አያቶቻችን ያውቁበት ነበር፤ የተውነው እኛ ነን።

ከወለድ ነፃ ባንኮችስ? ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ዘምዘም ያሉ ባንኮች በመከፈታቸው ደስ ብሎናል። የሙራበሐ ትርፍ በውሉ ቀን ተቆርጦ ያልቃልና ተመን ቢወርድም አይወርድም፣ ቢወጣም አይወጣም። ይህ ለተበዳሪው እርግጠኝነት ይሰጣል። ነገር ግን ባንኩም ቢሆን ካርታ ይጠይቃልና የበቅሎ አከራዩ ነገር እኛው ዘንድ ይመለሳል። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ባለዕዳ እንደሆነ እያወቅን፣ በረመዳን ዘካችንን ስናከፋፍል ዕዳ ያጎበጠውን ጎረቤት ከመስጊዳችን ጀማዓ መካከል ፈልገን የምናውቀው ስንቶቻችን ነን?

ይህን ከሚያነቡት ውስጥ የዱቤ ደብተር ያላችሁ አላችሁ። ከ2012 ወዲህ ያልተሰረዙት ስሞች የማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ ከእነርሱም መካከል አፍሮ በሌላ መንገድ የሚሄደውን ታውቁታላችሁ። ወላሁ አዕለም።