ውኃው ነበረ፤ ሰው ግን አልነበረም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጕዕ ይባላል። በዕለቱ የሚነበበው ወንጌል 38 ዓመት አልጋ ላይ ስለ ማቀቀ አንድ በሽተኛ ይነግረናል (ዮሐ. 5፥1-9)። ይህ ሰው የተኛው ከውኃው ርቆ አይደለም፤ እዚያው መጠመቂያው ዳር ነው። ጌታችን መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ሲጠይቀው ስለ ሕመሙ ብርታት አላወራም። ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። ልብ በሉ፤ የጎደለው ውኃ አልነበረም። የጎደለው ሰው ነበር።

እስቲ ይህን ወንጌል ይዘን ወደ ሰፈራችን ወደ ኮልፌ ቀራንዮ እንምጣ። ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ድረስ፣ የአንድ ሰው እግር ቢሰበር ጎረቤት ብርቱካን ይዞ ይጠይቀዋል። አእምሮው ሲታመም ግን በር ይዘጋል። ቤተሰቡ ይደብቀዋል፤ ጎረቤት ይንሾካሾካል። ለምን? እግርን የፈጠረ አምላክ አእምሮንስ አልፈጠረምን? በአእምሮ ሕመም የተያዘ ወገናችን እንዲያገግም ከእኛ የሚጠበቀውስ ምንድን ነው?

የጌታን ስም ስድብ አደረግነው

ከኮልፌ ወደ መርካቶ ሲወረድ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተ፣ ለብዙ ዓመታትም በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የቆየ ነው። ዛሬ ሕክምናው በሌሎች ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ይሰጣል። አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። እኛ ግን ምን አደረግነው? ሰው ስንሰድብ «ይሄስ አማኑኤል መግባት ነበረበት!» እንላለን። ከዚህ ስድብ የተነሣ ስንት እናት ልጇን ልታሳክም ስትሄድ ሰው እንዳያውቃት ነጠላዋን በፊቷ ላይ ትስባለች! ጾም የምላስም ነው። በዚህ ሁዳዴ ከሥጋና ከቅቤ ጋር ይህችንም ቃል እንተዋት።

ጠበልና ኪኒን ይጣላሉን?

«መድኃኒት ከዋጥህ ጠበሉ አይሠራልህም» የሚሉ አሉ። ይህን ሰምቶ ኪኒኑን ጥሎ ሕመሙ የባሰበት ጥቂት አይደለም። በርኩስ መንፈስ የሚሠቃይ አለ፤ በደዌ የተያዘም አለ። ወንጌላዊው ማቴዎስ ጌታችን የፈወሳቸውን ሲቆጥር ሁለቱን ለየብቻ ጠርቷቸዋል (ማቴ. 4፥24)። ስለዚህ ያዘነውን፣ እንቅልፍ ያጣውን፣ ድምፅ የሚሰማውን ሁሉ «ጋኔን ነው» ብለን አንፍረድበት። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ሕዝቅያስ ከእግዚአብሔር ዘንድ የፈውስ ቃል አምጥቶለት ሳለ፣ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዝዟል (2ነገ. 20፥7)። በለሱ ጸሎቱን አልሻረውም። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደ ሆኑ ያስተምራል (ሲራ. 38)።

ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒታቸውን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። በእንጦጦ ማርያም ጠበልም አጥማቂ አባቶችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተግባብተው ሕሙማንን አብረው ረድተዋል፤ ስለዚህ ሥራቸው የተጻፈ ጥናት በ2013 ዓ.ም. ታትሟል።

ይህንም ዕወቁ። የድባቴ መድኃኒት ውጤቱ በአንድና በሁለት ቀን አይታይም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ተሻለኝ ብሎ በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ሕመሙን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ባዶ ሆድና የውኃ ጥም የማይስማማው መድኃኒትም አለ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛውን እንደ ጤነኛው ጹም ብላ አታስገድድም። ስለ መድኃኒቱ ሐኪሙን፣ ስለ ጾሙ የንስሐ አባቱን ያማክር።

ታዲያ ሰው መሆን እንዴት ነው?

ታላቁ ነቢይ ኤልያስ እንኳ ተስፋ ቆርጦ ከዛፍ ሥር ተጋድሞ ሞቱን ለምኗል (1ነገ. 19)። መልአኩ መጥቶ «እምነትህ የት ሄደ?» ብሎ አልገሠጸውም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በልቶ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፤ ከዚያ ዳግመኛ መጥቶ አበላው። መንገዱ ረጅም መሆኑን ያውቅ ነበርና። እኛ ግን ላዘነ ሰው የምንቸኩለው ለምክር ነው። «በርታ እንጂ! ምን ጎደለህ?» እንለዋለን። እግሩ የተሰበረውን ሩጥ እንደ ማለት እኮ ነው!

በጉራጌ አገር በሶዶ የተሠራ አንድ ሥራ ለዚህ ምስክር ይሆናል። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች፣ ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው በየቤታቸው እየሄዱ ይደግፏቸው ነበር። ሕክምናውም አልተቋረጠም። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚህ ሕሙማን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን ለመምራት የተሻለ አቅም አግኝተው ነበር። መጻጕዕ ያጣው ሰው ማለት ይኸው ነው!

እኛስ ምን ያቅተናል? በቀጠሮው ቀን አብሮ ወረፋ መጠበቅ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ማስታወስ፣ ለቡና መጥራት፣ በጽዋው ማኅበር ቦታውን አለመንሣት፣ እያስታመመች የደከመችውን እናት አንድ ቀን ማሳረፍ። ሰንሰለት ግን መድኃኒት አይደለም። ሞትን የሚመኝ ሰው ምሥጢሩን ቢነግራችሁ ደግሞ ኃጢአቱን አትቁጠሩበት፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ሲሻለውስ? በጌርጌሴኖን አገር የነበረው ሰው ድኖ፣ ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶ ባዩት ጊዜ የአገሩ ሰዎች ፈሩ (ማር. 5)። ሲታመም ብቻ ሳይሆን ሲድንም ፈሩት! ጌታችን ግን ወደ ቤቱ፣ ወደ ወገኖቹ ላከው። ያገገመውን ሰው «አንዴ ነክቶታል» ብለን ሥራ፣ የኪራይ ቤትና ትዳር ከከለከልነው፣ የሚመለስበትን ቤት እኛው ዘጋንበት ማለት ነው።

አንተ የታመምህ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ! መታመማችሁ እምነት ማጣት አይደለም፤ መደገፍም ውርደት አይደለም። የምንኖርበት ክፍለ ከተማ የቀራንዮን ስም ይዟል። ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ መድኃኔ ዓለም ክርስቶስ ራሱ ስምዖን ቀሬናዊው መስቀሉን ሲሸከምለት እሺ ብሎ ተቀብሏል (ማቴ. 27፥32)። እርሱ ካላፈረ እናንተ ስለምን ታፍራላችሁ? እኛም ጤነኞች ነን የምንለው በዚህ ጾም ከስግደታችን ጋር አንድ የተዘጋ በር እናንኳኳ። መጠመቂያው ዳር ተኝቶ ሰው የሚጠብቅ አለና።

አምላካችን ለሕሙማን ምሕረቱን፣ ለአስታማሚዎች ብርታቱን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር