ጎረቤትህ አዲሱን ቤትህን ባሳገደብህ ጊዜ

ወንድሜ ሆይ፤ በነፋስ ስልክ አሮጌውን ቤት አፍርሰህ መሠረት ስታስቆፍር ጎረቤትህ የፍርድ ቤት እግድ ቢያመጣብህ፥ ጠላቴ ነው ለማለት አትቸኩል። ድንጋይ አልወረወረብህም፤ ዳኛ ጠየቀ እንጂ። እንዲህ ያለውን እግድ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ154ኛው አንቀጽ ይፈቅዳል። ወረቀቱ ሳይደርሰኝ ላጠናቅ ብለህ ሌሊቱን በመብራት ግንብ ብታስገነባ ግን አማናህን አፈረስህ።

የግንባታ ፈቃድ ይዣለሁ ትላለህ። ፈቃዱ የጎረቤትህን ግድግዳ እንድታናጋ አልተሰጠህም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በ1225ኛው አንቀጽ ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። የጣራህ ውኃ በግቢው የሚወርድ፥ ቁፋሮህም መሠረቱን የሚያራቁት እንደ ሆነ፥ ቀጠሮውን ሳትጠብቅ አስተካክል።

አንተም ከሳሽ ሆይ፤ ጎረቤት ወጋግራውን በግድግዳህ ላይ ቢያሳርፍ እንዳትከለክለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን አቡ ሁረይራ አስተላልፈዋል፤ ሊቃውንት ግዴታ ነው፥ በጎ ተግባር ነው በማለት ቢለያዩም። ያሳዘነህ የፎቁ ከቤትህ መብለጥ ብቻ ከሆነ ክስህ ቅናት ነው። መስኮቱ ወደ ጓዳህ የሚያይ ከሆነ ግን ተናገር፤ አስቀድመህ በደጃፉ ቆመህ፥ ቀጥለህ በሽማግሌ፥ ከዚያ ወዲያ በዳኛ ፊት።