ቀድሞ የማወቅ ዕዳ

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የልብ ሕክምና ከተሞች ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በ1952 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ልብን ከፍተው በዓይን እያዩ ጠገኑ፤ በ1957 ኧርል ባከን በባትሪ የሚሠራውን የልብ ምት መቆጣጠሪያ እዚሁ ሠራ። በ1987 በተጀመረው ታላቅ ጥናት ደግሞ የሚኒያፖሊስ ዳርቻ ነዋሪዎች፣ ከሌሎች ሦስት የአሜሪካ አካባቢዎች ሕዝብ ጋር ከ15 ሺህ በላይ ሆነው፣ ደማቸውን ሰጡ፤ ደሙም ለመጪው ዘመን መለኪያ ተቀመጠ።

ከዚያ ደም ከተነበቡት ነገሮች አንዱ ትሮፖኒን ነው። ይኸውም በልብ ጡንቻ ውስጥ የሚገኝ፣ ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ፕሮቲን ነው። ቀድሞ የሚለካው ደረቱን ይዞ ለመጣ በሽተኛ ነበር። መለኪያው እየረቀቀ ሲሄድ ግን ምንም በማይሰማው ሰው ደም ውስጥ እንኳ ጥቂቱን መለየት ተቻለ፤ በ2011 የወጣው ውጤትም መጠኑ ከፍ ያለባቸው ጤነኛ መሳይ ሰዎች ለልብ ድካምና ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ።

ጥያቄያችን የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ያልታመመን ሰው «ትታመም ይሆናል» ብሎ መንገር ተገቢ ነውን? በአገራችን ልማድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ ይረዳል፤ የምርመራ ውጤትም ብዙ ጊዜ ከታማሚው በፊት ለወንድሙ ወይም ለልጁ ይነገራል። ይህን ኋላ ቀርነት ብሎ ማጣጣል ለተማረ ሰው ቀላል ነው። እኛ ግን በውስጡ ያለውን እውነት እንቀበላለን፤ ከባድ ወሬ አብሮ የሚሸከመው ሰው ይሻልና። ነገር ግን መርዶ ያለቀ ነገር ነው፤ የደሙ ቁጥር ግን ገና አላለቀም። የደም ግፊቱን ያወረደ፣ ሲጋራውን የተወ፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት የጀመረ ሰው አደጋውን ይቀንሳል። እንግዲህ መደበቁ ርኅራኄ መስሎ ዕድል መንፈግ ይሆናል።

ይህ ፍርድ የሚጸናው ግን መድኃኒቱ በእጅ ሲኖር ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1968 ባሳተመው የዊልሰንና የዩንግነር ጽሑፍ ውስጥም፣ በሽታ አስቀድሞ ሲፈለግ ለተገኘበት ሰው ሕክምና መኖር አለበት የሚለው መመሪያ ሰፍሯል።

ሌላም ቅራኔ አለ፦ ቁጥሩ የተወለደው ከማን ደም ነው? በዚያ ጥናት የተካተቱት ጥቁሮች በአብዛኛው የሚሲሲፒዋ ጃክሰን ነዋሪዎች ነበሩ፤ የሚኒያፖሊሱ ወገን ነጭ ነበር ማለት ይቻላል። ከጎንደር ወይም ከወለጋ የመጣው ስደተኛ «ደህና ነህ» ሲባል በማን ሚዛን ተመዝኖ ነው? የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2023 ባወጣው የአደጋ ማስያ ዘርን ከቀመሩ አውጥቷል። መልካም አደረገ፤ ዳሩ ግን ዘርን መሰረዝ ያልተለካውን ሕዝብ እንደተለካ አያደርገውም።

አገር ቤትስ? ከድኃው ገበሬና ከከተማው ጭቁን ልጆች መካከል ብዙዎቹን የሚጥለው የልብ ሕመም ከጉሮሮ ቁስለት ተነሥቶ ቫልቭን የሚያበላሸው የሩማቲክ በሽታ ነው። ይህን ልጅ በጊዜ የሚደርስለት የረቀቀ የትሮፖኒን መለኪያ አይደለም፤ ጉሮሮውን የሚያይ ጤና ጣቢያ፣ ቫልቩን የሚያሳይ አልትራሳውንድ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ ፔኒሲሊን ነው። መድኃኒቱ ርካሽና አሮጌ ነው (ምናልባትም ክብር ያጣው ስለዚህ ይሆናል)። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 ያቋቋሙት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ለዓመታት ልጆችን ወደ ውጭ እየላከ ሲያሳክም ኖሮ፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ተራ የሚጠብቁት ግን በሺህ ይቆጠራሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ መርፌው በጊዜ ቢደርሳቸው ኖሮ ቢላዋ ባላስፈለጋቸው ነበር።

ከመካከላችን በእነዚህ ከተሞች ቤተ ሙከራዎች የሚማሩና የሚሠሩ አሉ። ለአገር ቤት ሆስፒታል መሣሪያ ለመግዛት መዋጮ ሲጠየቁ፣ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ በወረዳው ጤና ጣቢያ ፔኒሲሊኑ በየወሩ ይገኛል ወይ?