ፍቅር ውለታ ነውን?

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጠበላ፣ ባለፈው ክረምት እኛ ለእረፍት የገባን ተማሪዎች አንድ ጓደኛችንን ከበን ተቀምጠን ነበር። የሁለት ዓመት ፍቅረኛው ትታዋለች። ለፈተና ስትዘጋጅ ያስጠናት፣ ደብተርና የባጃጅ ሒሳብ የከፈለላት እሱ ነው። በደጃችን ስታልፍ ከሐዲ የሚረገምበትን ዘፈን በስፒከር ለቀቅንባት። አንገቷን ደፍታ አለፈች። ሳቅን። ማታ ግን ሳቁ ጠፍቶ ጥያቄው ቀረ፦ ኧረ ለመሆኑ፣ ያ ዘፈን የተሰበረ ልብ ነበር ወይስ የተነካ ኩራት?

ነገሩ የእኛ ሰፈር ጣጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ የሚኖሩ ሁለት ጣልያናውያን ስደተኞች፣ ሪካርዶ ኮርዲፌሮ ግጥሙን፣ ሳልቫቶሬ ካርዲሎ ዜማውን ደርሰው፣ በናፖሊ ቋንቋ አንድ ዘፈን አወጡ። ስመ ጥሩው ኤንሪኮ ካሩሶም በሸክላ ዘፈነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ውለታ ቢስ ልብ» ማለት ነው። እነሆ፣ ባሕር ማዶም ክሱ ያው ነው፤ የተተወው ሰው ተበዳይ፣ የሄደችው ባለ ዕዳ።

በአገራችን «ውለታ ቢስ» ቀላል ስድብ አይደለም። ዕድሩም፣ ደቦውም የሚቆመው «ብድር በምድር» በሚል እምነት ነው። ይሁንና ውለታ የሚመለሰው በምንድን ነው? በጉልበት፣ በገንዘብ፣ በአክብሮት። በልብ ይመለስ ካልን ግን ያኔ የሰጠነው ስጦታ አልነበረም፤ ቀብድ ነበር ማለት ነው። ቀብድ የሚከፈለው ደግሞ ለዕቃ ነው እንጂ ለሰው አይደለም።

«እናንተ ስላልደረሰባችሁ ነው» የሚለን ይኖራል። እውነት አለው። ኩራት የሌለው ሰው የማንም መረገጫ ይሆናል፤ የተጎዳም ማልቀስ መብቱ ነው። እኛም የምንለው ለቅሶና ክስ ይለያዩ ነው። ትዝታን እንመልከት። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው፤ ስሙም ቅኝቱን፣ ዘፈኑንና ማስታወሱን አንድ ላይ ይይዛል። ማሕሙድ አሕመድም ሆነ በዛወርቅ አስፋው ሲዘፍኑት፣ አቤቱታው አዘውትሮ የሚቀርበው ለትዝታ ለራሱ ነው። ወቀሳ ጨርሶ የለበትም አንልም፤ ግን የሄደው ሰው መንገዱን ይሄዳል፣ ከሕመሙ ጋር የሚቀረው ዘፋኙ ነው። ኩራት ማለት ይህ አይደለምን? የራስን ሐዘን ራስ መሸከም እንጂ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያይ በሌላው ጫንቃ ላይ መጫን ምኑ ኩራት ነው?

በገበያ ቀን ሁለታችን ልጅቷን አግኝተን ይቅርታ ጠየቅን። ቆጣ አላለችም። «የደብተሩንና የባጃጁን ሒሳብ ስንት እንደሆነ ጠይቁልኝና ልክፈል፤ ሌላ ያለብኝ ዕዳ የለም» አለችን።

መልእክቱን ለጓደኛችን አደረስን። ብዙ ዝም አለ። ሒሳቡን ግን አልነገረን። እሱ አሁንም ያዝናል፤ እኛም «ተው፣ እርሳው» አንለውም። ስፒከሩን ግን አጥፍተናል። እናንተም ጓደኞቻችን፣ በዶርም መስኮት ድምፁን ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት «ለማን እንዲሰማ ነው?» ብላችሁ አንድ ጊዜ ራሳችሁን ጠይቁ።